የአንድ ሳንቲ ሜትር ሰዎች፦ የሻርል ሜሪዮንን ጥቃቅን ምስሎች ስለ ማንበብ

ወደ አዳራሹ ስትገቡ በየወንበራችሁ ላይ አንድ ወረቀት፣ በየሦስት ወንበሩ ደግሞ አንድ አጉሊ መነጽር አግኝታችኋል። በወረቀቱ ላይ ያለው ሥዕል በዋናው መጠን የታተመ ነው፤ ቁመቱ 23፣ ወርዱ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ላሳድገው እችል ነበር፤ ሆን ብዬ ተውሁት። ንግግሬን ከመጀመሬ በፊት መነጽሩን በሥዕሉ የታችኛው ክፍል ላይ አድርጉና አንድ ሰው ፈልጉ። ማንም ይሁን። ስታገኙት ምን እያደረገ እንደሆነ አጠገባችሁ ላለው ሰው ንገሩት። ምን ማለት እንደሆነ አትንገሩት፤ ምን እያደረገ እንደሆነ ብቻ።

እየሰማኋችሁ ነበር። ከፊት ረድፍ የተቀመጡት እናት «ልብስ ታጥባለች» አሉ። ከኋላ አንድ ወጣት «ተሸክመዋል፤ ምን እንደተሸከሙ ግን አልለየሁትም» አለ። ሌላው «ይህ ሰውዬ መንገድ እያሳየ ነው» አለ። ሦስታችሁም አልተሳሳታችሁም። ዛሬ ላስረዳችሁ የመጣሁትንም ሥራ ገና ሳልናገር ጀምራችሁታል።

ይህ ሥዕል ሻርል ሜሪዮን የተባለ ፈረንሳዊ የሕትመት ሠዓሊ በ1854 የሠራው «ላ ሞርግ» ነው። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሞርግ ማለት አስከሬን ማቆያ ነው። ሕንጻው በፓሪስ እምብርት፣ የሴን ወንዝ ከግራና ከቀኝ አቅፎ በያዛት ደሴት ዳር ላይ ነበር። ከወንዙ የወጣ ወይም መንገድ ላይ ወድቆ የተገኘ፣ ማንነቱ ያልታወቀ አስከሬን ወደዚያ ይወሰድና ከመስታወት ጀርባ ይጋደማል። ሕዝቡ እየገባ ያያል፤ ዘመዱ የጠፋበት ካለ ይለያል። ማንም ያልጠፋበትም ለማየት ብቻ ይመጣ ነበር። ሜሪዮን ከዚህ ሥራ ጋር አብሮ የሚሄድ አጭር ግጥም ጽፎ፣ እርሱንም በመዳብ ላይ ቀርጾ አትሞታል። የግጥሙ ርእስ «የሞት እንግዳ ማረፊያ» እንደ ማለት ነው።

እኔ ይህን ሥራ መጀመሪያ ያየሁት ተማሪ ሳለሁ፣ ከመጽሐፍ በተነሣ ፎቶ ኮፒ ነው። ማሽኑ ጥቁሩን አብዝቶ ቀጫጭኑን መስመር ሁሉ በልቶት ነበር። ለብዙ ዓመታት ስለዚህ ሥዕል ሲነሣ እኔ የማወራው ስለ ሕንጻዎቹ ነበር፤ አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ እንደ ወጣ ስለተደራረቡት ረጃጅም ቤቶች፣ ከጭስ ማውጫው ስለሚወጣው ጭስ፣ ብርሃኑ በግንቡ ላይ እንዴት እንደወደቀ። ከወንዙ በላይ ባለው ግንብ ጫፍ ላይ የሚታየው ጠቆርቆር ያለ ጠርዝ የድንጋይ ጌጥ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ በአንድ ቤተ መዘክር የሕትመት ክፍል ውስጥ ዋናውን ሥራ ከሣጥኑ አውጥተው ከፊቴ አስቀመጡልኝ። እርሳስ እንጂ እስክሪብቶ አይፈቀድም፤ መነጽር ግን ይሰጣሉ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ጌጥ ያልሁት ጌጥ አልነበረም። ሰዎች ነበሩ። ግንቡን ተደግፈው፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ቁልቁል የሚያዩ ሰዎች። ያን ቀን ከሌላ ሥዕል ፊት የተቀመጥሁ ያህል ሆነብኝ። ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ እንደ ግንብ ቆጥሬ ያለፍኋቸውን ሰዎች እያሰብሁ ክፍሉ እስኪዘጋ ድረስ እዚያው ቆየሁ።

እንግዲህ አንድ በአንድ እንያቸው።

ከወንዙ ዳር ሁለት ሰዎች አስከሬን ተሸክመው ይወጣሉ። አስከሬን መሆኑን በምን አወቅን? ፊት የለውም፤ ሜሪዮን ፊት አልሠራለትም። ያወቅነው በክብደቱ ነው። የተሸካሚዎቹን ጉልበትና ወገብ ተመልከቱ። ሸክሙ ወደ መሬት ይስባቸዋል፤ እነርሱ ደግሞ ወደ ላይ መሄድ አለባቸው። ሕያው ሰው ስትሸከሙት ትንሽም ቢሆን ያግዛችኋል፣ አንገቱን ይይዝላችኋል። ይህኛው አያግዝም። አጠገባቸው ፖሊስ ቆሟል። ክንዱን ዘርግቶ ወዴት እንደሚወስዱት ያመለክታል። በዚህ ሥዕል ውስጥ ካሉት ሰዎች ሁሉ ቀጥ ያለ መስመር የተሰጠው የእርሱ ክንድ ነው ብል አላጋነንሁም። ሌላው ሁሉ ይጎብጣል፣ ይደገፋል፣ ይታጠፋል። የመንግሥት እጅ ብቻ ቀጥ ብሎ ያመለክታል።

ከዚያ ሴትዮዋ አለች፤ ልጅም አብሯት አለ። ለእኔ የሥዕሉ ልብ እዚህ ነው። ቁመቷ ከአንዲት ጥፍር አይበልጥም። ዓይን የላትም፣ አፍ የላትም፣ እንባዋም አይታይም። ሆኖም እያለቀሰች መሆኗን ማንም አይጠራጠርም። ሐዘኗ ያለው በትከሻዋና በወገቧ ላይ ነው። እኛ ይህን ለማንበብ መምህር አያስፈልገንም። ለቅሶ ቤት ደጃፍ ላይ ቆማችሁ ታውቃላችሁ። ከሩቅ በመንገዱ ጫፍ ብቅ ያለው ሰው ጎረቤት ይሁን ወይስ የሟች እኅት፣ ፊቱ ሳይለይ በአረማመዱ ትለዩታላችሁ። ሜሪዮን ያንን ልዩነት በሦስትና በአራት ጭረት ብቻ አስቀምጦታል። ብዙ የሥዕል ሰዎች ጥቃቅን ምስልን እንደ አነሰ ትልቅ ምስል ያስቡታል፤ እውነቱ እንደዚያ አይደለም። ትልቁ ምስል የፊት መልክ አለውና በመልኩ ሊዋሽ ይችላል። ትንሹ ያለው አቋም ብቻ ነው። አቋሙ ከተሳሳተ ሰው መሆኑ ይቀርና ጭረት ይሆናል።

አሁን መነጽሩን ወደ ልብስ ማጠቢያ ጀልባዎቹ አዙሩ። በዚያ ዘመን በሴን ወንዝ ዳር ጣሪያ ያላቸው ትልልቅ ጀልባዎች ታስረው ይቆሙ ነበር። ሴቶች ክፍያ እየከፈሉ በዚያ ልብስ ያጥባሉ። ሥራቸውን ይሠራሉ። ከጥቂት ሜትር በላይ አስከሬን እየወጣ ነው፣ ሰው እያለቀሰ ነው፤ የልብሱም ቀን ነው። ይህን አይቶ «ሠዓሊው የሰውን ጭካኔ እየወቀሰ ነው» የሚል አለ። እኔ ግን አልቸኩልም። በየቀኑ ከአስከሬን ማቆያ ሥር የምታጥብ ሴት በየቀኑ ልታለቅስ አትችልም። ሥራ ፈት የሆኑት ከላይ ሆነው የሚያዩት ናቸው፤ ከታች ያሉት እጃቸው ውሃ ውስጥ ነው። ሜሪዮን ሁለቱን ለይቶ አስቀምጧቸዋል። የሚያየውንና የሚሠራውን አላደባለቀም። ይህ ልዩነት ዝም ብሎ ወቀሳ ከተባለ ይጠፋል።

ሠዓሊው ማን እንደነበር ባጭሩ ልንገራችሁ። በ1821 በፓሪስ ተወለደ። እናቱ በፓሪስ ኦፔራ ዳንሰኛ፣ አባቱ እንግሊዛዊ ሐኪም ነበሩ፤ አልተጋቡም። በ1837 በብረስት ከተማ ወዳለው የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ገባ። ከ1842 እስከ 1846 «ራይን» በተባለች የጦር መርከብ ወደ ደቡብ ፓስፊክ ተጓዘ፤ ከዚያም ጊዜ ብዙውን ያሳለፈው በኒው ዚላንድ፣ አካሮዋ በተባለች የፈረንሳውያን ሰፈር ነው። ተመልሶ ከባሕር ኃይል ወጣና ሠዓሊ ልሁን አለ። በ1848 በፓሪስ ዓመታዊ ዐውደ ርእይ ላይ አንድ ትልቅ ሥራ አቀረበ። ነገር ግን ዓይኑ ቀለም አይለይም ነበር። ቀይና አረንጓዴ የሚምታታበት ሰው በዘይት ቀለም እንጀራ መብላት እንደማይችል ሲገባው ወደ ጥቁርና ነጭ ዞረ። ኤዤን ብሌሪ ከተባለ የሕትመት ሠዓሊ ዘንድ ገብቶ ተማረ። የ17ኛውን ክፍለ ዘመን ሆላንዳዊ ሬኒየር ኖምስንም እየገለበጠ እጁን አፍታታ። ይህ ሰው በቅጽል ስሙ ዜማን ይባላል፤ ባሕረኛ ማለት ነው። አንዱ ባሕረኛ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ፓሪስን የቀረጸውን ሌላ ባሕረኛ መምህሩ አደረገው። የፓሪስ ሕትመቶቹንም መታሰቢያነት ለእርሱ ሰጠ።

እነዚያ የፓሪስ ሕትመቶች በአብዛኛው ከ1850 እስከ 1854 የተሠሩ ናቸው። ጊዜው ለከተማዋ ክፉ ጊዜ ነበር፤ ወይም እንደ ተናጋሪው ደግ ጊዜ። በኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆነው ሉዊ ነፖሊዮን በታኅሣሥ 1851 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣኑን ጠቀለለ፤ በ1853 ባሮን ኦስማን የከተማዋ አስተዳዳሪ ሆኖ ተሾመና አሮጌው ፓሪስ በመዶሻ መፍረስ ጀመረ። ሜሪዮን የቀረጻቸው በርካታ ማዕዘኖች ዛሬ የሉም። ይህ የአስከሬን ማቆያ ራሱ በ1864 ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል። ስለዚህ ሰዎች ሜሪዮንን የጠፉ ሕንጻዎች መዝጋቢ አድርገው ያወሱታል። እኔም ለዓመታት ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ ፎቶ ኮፒው ብቻ አልነበረም ያሳሳተኝ።

በከተማ ሥዕል ውስጥ ጥቃቅን ሰዎችን የማስገባት ልማድ ያረጀ ነው። ሕንጻው ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ይታወቅ ዘንድ ከሥሩ ሰው ይቆማል። ሰውዬው መለኪያ ነው፤ ዱላ ቢተከል ያው ነው። አንዳንድ ሠዓሊዎች ያንኑ ባለ ባርኔጣ ሰው ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው ሲያዞሩት ታዩአቸዋላችሁ። ሜሪዮን ዘንድ ሰዎቹ ሥራ አላቸው። የኖትር ዳምን ቤተ ክርስቲያን ከጀርባው በኩል በሚያሳየው የ1854 ሥራ ላይ በወንዙ ዳር ጋሪና ፈረስ አሉ። የቅዱስ እስጢፋኖስን ቤተ ክርስቲያን በሚያሳየው የ1852 ሥራ ላይ በመወጣጫ እንጨት ላይ የሚሠሩ ሠራተኞች አሉ። ይህ የመርከበኛ ዓይን ነው እላለሁ። መርከብ ላይ ያለ ሥራ የቆመ ሰው የለም። ከሩቅ፣ ከምሰሶው ጫፍ ሆነህ ሁለት ሰዎች ገመድ ሲስቡ ብታይ፣ ገመዱ ጠብቆ ይሁን ላልቶ የምታውቀው በጀርባቸው ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ በ1863 በአካሮዋ ዳርቻ መረብ የሚጎትቱ ዓሣ አጥማጆችን ቀርጿል። ያንን ሥራ ከ«ላ ሞርግ» አጠገብ አስቀምጣችሁ ብታዩት የምለው ይገባችኋል።

ወደ እጅ ሥራው ልግባ፤ ምክንያቱም ጥቃቅን ምስልን የሚተረጉም ሰው እንዴት እንደተሠራ ካላወቀ የሚተረጉመው የራሱን ሕልም ነው።

ፈረንሳዮች ይህን ጥበብ «ኦ ፎርት» ይሉታል፤ ብርቱ ውሃ ማለት ነው። ብርቱው ውሃ አሲድ ነው። መዳቡ ተወልውሎ ሰምና ሙጫ የተቀላቀለበት ሽፋን ይቀባል፤ በጭስ ይጠቁራል። ሠዓሊው በመርፌ ሰሙን ይጭረዋል እንጂ መዳቡን አይቆፍርም። የሚቆፍረው አሲዱ ነው። የመዳቡ ሳህን አሲድ ውስጥ ሲነከር ሰሙ የተነሣበት ቦታ ሁሉ ይበላል። ጥልቀቱን የሚወስነው የእጅ ኃይል ሳይሆን ጊዜ ነው። ቀጭን ሆነው እንዲቀሩ የሚፈለጉት መስመሮች ቶሎ በቫርኒሽ ይሸፈናሉ፤ ሳህኑ ተመልሶ ይነከራል፣ የቀሩት ይበልጥ ይጠልቃሉ። ስለዚህ አንድ ትንሽ ሰው ጠቁሮ ሲታይ ሠዓሊው በስሜት ተነሣሥቶ ስለጫነው አይደለም። ተቀምጦ አስቦ፣ አንዱን ሸፍኖ ሌላውን ሳይሸፍን፣ ሰዓት ቆጥሮ ነው። በ«ላ ሞርግ» ውስጥ ማን እንደጠቆረ፣ ማን በብርሃን ውስጥ እንደቀረ ስታዩ ውሳኔ ነው የምታዩት።

ሌላም አለ። ታትሞ የሚወጣው የሳህኑ ተቃራኒ ነው፤ ቀኝ ግራ ይሆናል። የሜሪዮን ፓሪስ ግን እንደ እውነተኛዋ ቀኟ በቀኝ፣ ግራዋ በግራ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ሰው በመዳቡ ላይ ገልብጦ ነው የሠራው። በእርሳስ በወረቀት ላይ ያጠናውን አካሄድ፣ ያንን የወገብ አጣጠፍ፣ በመስታወት እንደሚታይ አድርጎ ደግሞ ሠርቶታል። ይህን የሞከረ ሰው ያውቀዋል፦ ቀኝ እጅህ የለመደውን ጉልበት ወደ ግራ ማጠፍ ሲገባው መስመሩ ይሞታል። ዛሬ ማታ በእርሳስ አንድ የሚራመድ ሰው ሣሉ፣ ከዚያ ገልብጣችሁ ደግማችሁ ሣሉት። ሁለተኛው ሰው ያነክሳል። የሜሪዮን ሰዎች አያነክሱም።

መዳብ ላይ የተሠራን ነገር ማጥፋትም ቀላል አይደለም። መፋቅ ያስፈልጋል፣ መወልወል ያስፈልጋል፣ ከጀርባው በመዶሻ ቀጥቅጦ የጎደጎደውን ማንሣት ያስፈልጋል። የሕትመት ሠዓሊ ሥራውን በየጊዜው እያሻሻለ ሲያትም ከእያንዳንዱ ለውጥ የተወሰዱት ሕትመቶች «ደረጃዎች» ይባላሉ። አንድ ምስል ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ከተለወጠ፣ ያ ለውጥ የቀናት ድካም ነው። ለተርጓሚ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። ሠዓሊው ምን እንደፈለገ ከመገመት ይልቅ ምን እንደፋቀ ማየት ይሻላል።

እኛ በሰምና ወርቅ ያደግን ሰዎች ነን። ይህ ጸጋ ነው፤ በሥዕል ፊት ግን አንዳንድ ጊዜ ያጣድፈናል። ቅኔ ሳይጨረስ «ወርቁ ይሄ ነው» ብሎ የሚጮህ ተማሪ አጋጥሟችሁ ያውቃል? መምህሩ ምን እንደሚለውም ታውቃላችሁ፤ መጀመሪያ ሰሙን በል ይለዋል። እዚህ ደግሞ ሰሙ እውነተኛ ሰም ነው፣ መዳቡ ላይ የተቀባው። ማጠብ፣ መሸከም፣ ማመልከት፣ መደገፍ። ይህን ሳይጨርስ «ሞት ነው፣ አምባገነንነት ነው፣ እብደት ነው» የሚል ሰው ምንም ቢራቀቅ ከሥዕሉ ወጥቷል።

ሜሪዮን ራሱ ይህን ፈተና በሁለቱም በኩል ቀምሶታል፤ ታሪኩን የምወደው ለዚህ ነው። ገጣሚው ሻርል ቦድሌር በ1859 ስለዚያ ዓመት ዐውደ ርእይ ሲጽፍ ሜሪዮንን እጅግ አወደሰው። በሚቀጥለው ዓመት አታሚው ኦጉስት ዴላትር የፓሪስ ሕትመቶቹን በአዲስ ስብስብ ሊያወጣ ሲያስብ ጽሑፉን ቦድሌር እንዲጽፍ ታሰበ። ከዘመኑ ገጣሚዎች ታላቁ በሥዕሎቹ ላይ ቅኔ ሊቀኝ ተዘጋጅቶ ሳለ ሜሪዮን እምቢ አለ። የፈለገው እንደ መንገደኞች መመሪያ ያለ ጽሑፍ ነበር፦ ይህ ሕንጻ ምን እንደሆነ፣ የት እንደሚገኝ። ሐሳቡ ሳይሳካ ቀረ። ብዙዎች በዚህ ያዝናሉ፤ እኔም አነባለሁና ቅር ይለኛል። ነገር ግን ሠዓሊውን እረዳዋለሁ። ያቺን ሴት በሦስት ጭረት ያቆመ ሰው በላይዋ ላይ የሌላ ሰው ሐዘን እንዲፈስስባት አልፈለገም።

በዚያው በ1860 መጀመሪያ ቦድሌር ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ግን ሌላው ሜሪዮን ይታያል። ሠዓሊው ሊጠይቀው መጥቶ ሥራዎቹን ያሳየዋል። በአንደኛው ላይ የድልድዩ ግንብ በወንዙ ዳር ግድግዳ ላይ የጣለው ጥላ የስፊንክስ፣ የሰው ራስና የአንበሳ ገላ ያለው የተረት ፍጥረት፣ የጎን መልክ መሆኑን ይነግረዋል። ሳያስበው እንደሆነ፣ ያየውም በኋላ እንደሆነ፣ ሥዕሉም የተሠራው ከመፈንቅለ መንግሥቱ ትንሽ ቀደም ብሎ መሆኑን ያክላል። ልብ በሉ፤ «ስፊንክስ ሣልሁ» አላለም፤ «ሳላስበው ወጣ» ነው ያለው። የሠራውን ደግሞ ሲያየው እርሱም እንደ እኛ ተመልካች ሆነ፤ እንደ እኛም ወርቅ ፈለገ። ስለዚህ ሠዓሊው ስለ ሥራው የተናገረው ሁሉ የሠራበት ምክንያት አይደለም። አንዳንዱ ከሠራ በኋላ የደረሰበት ንባብ ነው። ሁለቱን ለይቶ መያዝ ግድ ነው።

የዚያው ደብዳቤ ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ከባድ ነው። «ፖን-ኦ-ሻንዥ» የተባለው የ1854 ሥራ፣ ማለትም የገንዘብ መንዛሪዎች ድልድይ፣ መጀመሪያ ሲታተም በሰማዩ ላይ አንዲት ፊኛ ነበረች፤ ሰው የምትጭን የአየር ፊኛ። በላይዋ «ስፔራንዛ» ተብሎ ተጽፏል፤ በጣልያንኛ ተስፋ ማለት ነው። ከታች በወንዙ ላይ ጀልባ አለ፤ በውሃው ውስጥም እጁን የዘረጋ ሰው። በኋለኛ ደረጃ ሜሪዮን ፊኛዋን ፋቀና በምትኳ የአሞራ መንጋ አበረረ። ቦድሌር በፓሪስ ሰማይ ይህን ያህል ንስር ከየት መጣ ብሎ ሲጠይቀው፣ ነገሩ መሠረት የሌለው እንዳልሆነ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ሰዎች ምልክት ለመመርመር ንስር እንደሚለቁ ነገረው።

እዚህ ላይ አብዛኛው ጸሐፊ ብዕሩን ያስቀምጥና «ሕመሙ» ይላል። ሕመሙን አልክድም። በግንቦት 1858 ሻራንቶን ወደተባለው የአእምሮ ሕሙማን መጠለያ ገብቷል፤ በ1859 ወጥቷል፤ በ1866 ተመልሶ ገብቶ በየካቲት 1868 በዚያው አረፈ። ዕድሜው 46 ነበር። የተሠቃየ ሰው ነው፤ ሥቃዩን የሥዕል ማብራሪያ ማድረግ ግን ለእርሱም ለሥዕሉም ክብር አይሰጥም። «እብድ ስለሆነ ነው» የሚለው መልስ ስለ ንስሮቹ ምንም አይነግረንም። ሌላ ታማሚ ንስር አልሣለም።

የአንድምታ መምህራን ቢጠየቁ እንዲህ በአንድ መልስ አይወጡም ነበር። አንድም፦ ንስር የነፖሊዮን ቤት ምልክት ነው፤ በባንዲራውና በጦሩ ሁሉ ላይ አለ። በዚያ መንግሥት ሥር የሚኖር ሰው ተስፋ የተባለችውን ፊኛ አጥፍቶ በቦታዋ ንስር ቢያበር፣ ጤነኛ ሰውም ቢሆን ምን እንዳለ ይገባናል። አንድም፦ አራት ዓመት በመርከብ የኖረ ሰው ነው። በውሃ ላይ የሚያንዣብብ የወፍ መንጋ ለባሕረኛ ጌጥ አይደለም፤ የሚናገር ነገር ነው። አንድም፦ ፊኛዋ ስትፋቅ በመዳቡ ላይ ጉድለት ቀርቷል፤ የተፋቀ ሰማይ መቼም ንጹሕ አይሆንም። ያንን ቦታ መሙላት የእጅ ሥራው ራሱ ይጠይቃል። ሦስቱም አብረው ይቆማሉ። አንዱን መርጬ ሁለቱን እንድጥል የሚያስገድደኝ ነገር በሥዕሉ ላይ አላገኘሁም።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሰማዩ ይበልጥ ይሞላል። አንድ ትልቅ የፓሪስ ትምህርት ቤት በሚያሳየው ሥራ ላይ በከተማዋ ጣሪያዎች ፋንታ ከጀርባ ባሕር መጥቷል፤ በኋላ ደረጃ ላይ ባሕሩን አንሥቶ ከተማዋን መልሷታል። በ1865 የባሕር ኃይል ሚኒስቴርን ሲቀርጽ ከሰማይ እንግዳ ፍጥረታትና ፈረሰኞች እየተንጋጉ ወደ ሕንጻው ይወርዳሉ። እዚህም «ሕመሙ» ይባላል። እኔ ግን አካሮዋን አስታውሳለሁ። አካሮዋ የዓሣ ነባሪ አዳኞች የሚያርፉባት ወደብ ነበረች። ያ ሁሉ የባሕር ነገር፣ ጀልባው፣ ዓሣው፣ የወጣትነት ዓመታቱ ነው። የወረዱትም ያለ ቦታቸው አይደለም፤ ሙያውን ትቶ የወጣበት መሥሪያ ቤት ጣሪያ ላይ ነው። ይህን ለማየት የሐኪም ማስታወሻ አያስፈልግም፣ የሕይወቱን ቅደም ተከተል ማወቅ ይበቃል። በ1863 ፊሊፕ ቡርቲ የሥራዎቹን ዝርዝር ባሳተመ ጊዜም ሜሪዮን ዝም አላለም። በጽሑፉ ላይ የራሱን አስተያየት በየሥራው ጽፏል። በራሱ ምስሎች ላይ የሚከራከር፣ የሚያርም ሰው ነበር።

ስለ ትንሿ ሥራው አንድ ነገር ልበልና ልጨርስ። «የክፉ ልጆች ጎዳና» ትባላለች፤ የእውነት የጎዳና ስም ነው። ከመዳፍ አትበልጥም። ጨለማ በር፣ አሮጌ ግድግዳ፣ በግድግዳው ሥር ተጠጋግተው የሚያልፉ ሁለት ሴቶች። በሥዕሉ ላይ የቀረጸው ግጥም በዚያ ጨለማ ቤት ማን ይኖር እንደነበር ይጠይቃል፤ ጥሩ ሰው ይሁን ወንጀለኛ፣ አይመልስም። ብዙ ተርጓሚ በሩን ትክ ብሎ ያያል። እኔ ሴቶቹን አያለሁ። ሁለት ሰዎች ሲያወሩ የሚሄዱበት ፍጥነትና ከአንድ ነገር ሲሸሹ የሚሄዱበት ፍጥነት አንድ አይደለም። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የቀሚሳቸውን ጫፍ ብዙ ጊዜ በመነጽር ተመልክቻለሁ። መጀመሪያ የሚሸሹ ይመስሉኝ ነበር። ባለፈው ወር ደግሜ ሳያቸው ጨዋታ ይዘዋል አልሁ። ቤቱ ለእኛ እንጂ ለእነርሱ አያስፈራም፤ በየቀኑ ያልፉበታል።

አሁን ረዳቶቼ መብራቱን ያበራሉ። በጠረጴዛው ላይ የ«ፖን-ኦ-ሻንዥ» ሁለት ደረጃዎች ቅጂ ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ አንደኛው ባለ ፊኛ፣ ሁለተኛው ባለ አሞራ። የሁለቱንም ሰማይ በነጭ ወረቀት ሸፍኜዋለሁ። አምስት አምስት እየሆናችሁ ቅረቡ። ወረቀቱን ከማንሣታችሁ በፊት በጀልባው ውስጥ ያሉትን ሰዎች ብቻ እዩና፣ ከላያቸው ያለው ፊኛ ይሁን አሞራ ከአንገታቸው አያያዝ መለየት ትችሉ እንደሆነ ንገሩኝ።